የራሱን ሙቀት የሚያወጣ እንቁላል

በዘንድሮው ዓቢይ ጾም፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በባትሪ ብርሃን ያነበብኩት አንድ ቁጥር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቁጥሩ 33 ነው። መብራት ከጠፋ አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ በእንቁላል መፈልፈያ ማሽኔ ውስጥ የቀረው ሙቀት ያ ነበር። እንደ ጠበቅሁት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ዝቅ ብሎ መገኘት ነበረበት። በመጀመሪያው ሳምንት መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ማሽኑ ያው ማሽን፣ ክፍሉ ያው ክፍል፣ የተሸፈነበትም ጋቢ ያው ጋቢ ሆኖ ሳለ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ ሙቀቱ ከ37.5 ወርዶ ወደ 30 መጠጋቱን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። አሁን ግን ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ሙቅ ውሃ፣ ማንም ምንም ሳይጨምርበት ሦስት ዲግሪ ተርፎ አገኘሁት። ይህ ትርፍ ሙቀት ከየት መጣ?

በቤቱ ውስጥ ያን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ሌላ የሙቀት ምንጭ አልነበረም። መልሱን ያገኘሁት እንቁላሎቹ ዘንድ ነው፤ ነገር ግን ወደዚያ ሌሊት ከመመለሴ በፊት እንዴት እንደ ደረስኩበት መናገር ይኖርብኛል።

በጾም ወራት የመጡ እንቁላሎች

በጾም ወራት እንቁላል የሚበላ ሰው ስለሚቀንስ ዋጋውም ረከስ ይላል፤ ዶሮዎች ግን መጣላቸውን አያቆሙም። ለረጅም ጊዜ ሳስበው የቆየሁትን ጫጩት የመፈልፈል ሙከራ ለመጀመር ይህንን ወቅት የመረጥኩት ስለዚህ ነው። እንቁላሎቹን የላከችልን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ የምትኖር ዘመዳችን ናት። ከሱቅ መግዛት ያልፈለግሁት፣ ለገበያ በሚጥሉ ዶሮዎች እርባታ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አውራ ዶሮ ስለማይኖር እንቁላሉ ለመብል እንጂ ለጫጩት ስለማይሆን ነው። የዘመዳችን ዶሮዎች ቀኑን ሙሉ በግቢ ውስጥ ከአውራው ጋር ሲጭሩ የሚውሉ የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። አንዲት ዶሮ ከአውራ ጋር አንድ ጊዜ ከተገናኘች በኋላ ለአሥር ቀንና ከዚያም በላይ ጫጩት ሊወጣው የሚችል እንቁላል ትጥላለች።

እንቁላሎቹ በጭድ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ሆነው በአውቶቡስ መጡ። ከሳምንት የበለጠ ዕድሜ ያለው አልነበረባቸውም። አላጠብኳቸውም፤ ቅርፊቱን የሸፈነው ስስ ሽፋን ከታጠበ ተህዋስያን በቀላሉ ወደ ውስጥ ይገባሉና። ወደ ማሽኑ ከማስገባቴ በፊት ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጌ አንድ ሌሊት አሳረፍኳቸው፤ በመንገድ የተንገጫገጨ እንቁላል በሰፊው ጫፉ በኩል ያለው የአየር ክፍተት ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል።

ማሽኑ ከመርካቶ የተገዛ፣ ሠላሳ ያህል እንቁላል የሚይዝ፣ ማራገቢያ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ነው። መስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ትክክል መሆኑን ያረጋገጥኩት በቤታችን በነበረ የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ነው። የትኩሳት መለኪያ የሚሠራው በትክክል በዚህ የሙቀት መጠን አካባቢ ልዩነትን ለይቶ እንዲያሳይ ስለሆነ፣ ለዚህ ሥራ ከብዙ ውድ መሣሪያዎች የተሻለ ነው። በዚህ ማሽን ውስጥ መጠበቅ ያለበት ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 በመቶ በላይ ይሆናል። ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅም በየቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑ እንቁላሉ ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ እንዳያድር ይረዳል።

በ7ኛው ቀን ማታ ክፍሉን አጨልመን እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን መረመርናቸው። በአብዛኞቹ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች፣ በመካከላቸውም የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ታየ፤ ነጥቡ የሽሉ ዐይን ነው። እናቴ አማተበች። በልጅነቷ ብዙ ዶሮ ያስታቀፈች ሴት ናት፤ ይሁንና ውስጡን አይታ አታውቅም። «ለካ በዚህ ጊዜ ይሄ ሁሉ ተሠርቷል» አለችና እንቁላሉን መልሳ ለመስጠት ትንሽ ዘገየች።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ምን ያህል ከፍ ትላለች?

ለሰው ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከእርጥበት መለኪያው በፊት ጥሩ የወጥ ቤት ሚዛን እንዲገዛ ነው። እንቁላል ጫጩት እስኪሆን ድረስ በቅርፊቱ ላይ ባሉት 10,000 ገደማ በሚሆኑ ረቂቅ ቀዳዳዎች በኩል ውሃ ይተናል። እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። በጣም ጥቂት ከቀነሰ ጫጩቱ አብጦ የሚተነፍስበት ቦታ ያጣል፤ በጣም ብዙ ከቀነሰ ደግሞ ይደርቅና ቅርፊቱን የሚሰብርበት አቅም ያንሰዋል። የእርጥበት መለኪያው የሚነግረኝ ስለ አየሩ ነው። ሚዛኑ ግን ስለ እንቁላሉ ይነግረኛል።

የእኛ እንቁላሎች እያንዳንዳቸው በአማካይ 45 ግራም ያህል ይመዝኑ ነበር። በ7ኛው ቀን ከሁለት ግራም ያልበለጠ መቀነስ ሲገባቸው ሦስት ግራም ሊሞሉ ተቃርበው አገኘኋቸው። እርጥበቱ በታዘዘው መጠን ውስጥ ነበር። ታዲያ ለምን ፈጠነ? በመጀመሪያ ያሰብኩት የበጋውን ደረቅ አየር ነበር፤ ነገር ግን ደረቅነቱ በመለኪያው ላይ የሚታይ ነገር ስለሆነ ብቻውን አያብራራውም። ሌላው ምክንያት ከፍታው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ሲሳሳ እንፋሎት በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ውስጥ በፍጥነት ያልፋል። በአንጻሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የደጋ እንቁላል ሁለት ተቃራኒ ችግር አለበት፦ ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ የሚተነፍሰውም አየር ቀጭን ነው። ውሃውን ለማቆየት ማሽኑን ብንዘጋው አየሩን እንነፍገዋለን፤ አየር ለመስጠት ብንከፍተው ደግሞ እንቁላሉ ይደርቃል።

ዶሮ ራሷ ለዚህ መፍትሔ ታገኝለት ይሆን ብዬ ሳነብ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አገኘሁ። በካሊፎርኒያ ተራራ ላይ፣ በ3,800 ሜትር ከፍታ፣ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ዶሮዎች የሚጥሉት እንቁላል በቆላ ከሚጣለው ያነሰ የቀዳዳ ስፋት ያለው ቅርፊት ሆኖ ተገኝቷል። ከከፍታው ጋር በሚስማማ መንገድ ቅርፊታቸውን አጥብቀዋል ማለት ነው። የደብረ ብርሃን ዶሮዎችም ከአዲስ አበባ በላቀ ከፍታ ላይ ለስንት ዘመን ሲዋለዱ የኖሩ ናቸው፤ የእነሱ ቅርፊትም እንዲህ ሆኖ እንደሆነ የመዘነ ሰው ቢኖር በጣም ደስ ይለኝ ነበር። እኔ በበኩሌ በማሽኑ ውስጥ ሁለተኛ የውሃ ሳህን ጨመርኩ፤ እርጥበቱን ወደ 60 በመቶ ከፍ አደረግሁ፤ የአየር ማስገቢያዎቹን ግን አልነካሁም። በ14ኛው ቀን ስመዝን ፍጥነቱ ረግቦ ነበር። እናቴ በየቀኑ ልለውጠው የምፈልገውን ነገር እየሰማች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኝ ነበር። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማውም፣ ሚዛን ላይ የተቀመጠ እንቁላል ፊት ሆኜ ስሰማው ስለ እውነተኛ እንቁላል የተነገረ መሰለኝ።

ያ ሌሊት

18ኛው ቀን ሦስት ነገሮች የሚለወጡበት ቀን ነው። ማገላበጥ ይቆማል፤ እርጥበቱ ከፍ ይደረጋል፤ ከዚያም ክዳኑ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ አይከፈትም። ይህን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ጨርሼ ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እስኪመለስ ድረስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆነ።

እናቴ ወዲያው ጋቢዋን አምጥታ ማሽኑን ሸፈነችው። እኔ ደግሞ የአየር ቀዳዳዎቹ ካሉበት በኩል ጫፉን ገለጥ አደረግሁት።

«ብርድ ይገባባቸዋል፤ ሸፍኚያቸው እንጂ ልጄ» አለችኝ።

«አየር ያስፈልጋቸዋል፣ እማዬ።»

ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ጭንቀቱም ይኸው ነበር። አንድ እንቁላል ከተቀመጠበት ቀን ጀምሮ ጫጩት እስኪወጣው ድረስ ስድስት ሊትር ያህል ኦክስጅን ይወስዳል፤ የዚህን አብዛኛውን የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ማራገቢያው ቆሟል፤ ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ አየር የሚዘዋወረው በራሱ ብቻ ነው። ጋቢውን ብተወው ቀጭኑ የአዲስ አበባ አየር ይበልጥ ይቀጥናል፤ ብገልጠው ደግሞ የክፍሉ ሙቀት 17 ዲግሪ ነበር። ከሰል ተያይዞ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል፤ ሙቅ ውሃ የሚሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶችም ተዘጋጅተዋል። ጠርሙሶቹን ከእንቁላሎቹ አጠገብ ከማስገባቴ በፊት ግን ሙቀቱን ለመጨረሻ ጊዜ ላንብብ ብዬ ባትሪውን አበራሁ። 33።

ያን ጊዜ ቆም አልኩ። ደብተሬን አምጥቼ የመጀመሪያውን ሳምንት ገጽ ፈለግሁ፤ 30። እናቴ ጠርሙሶቹን ይዛ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔ ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች እያየሁ የማስበው፣ በእነዚህ ሁለት ምሽቶች መካከል የተለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ነበር። የእንቁላሎቹ ቁጥር ቢቀንስ እንጂ አልጨመረም፤ በባትሪ ብርሃን ስንመረምር ባዶ የሆኑትን አውጥተናልና። ክፍሉ አልሞቀም። የተለወጠው ሽሎቹ ማደጋቸው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቁር ነጥብ የነበረው አሁን እንቁላሉን ሞልቶት ላባ ለብሷል፤ ልቡ ይመታል፤ አስኳሉን ያቃጥላል፤ ሲያቃጥል ደግሞ እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው አካል ሙቀት ያወጣል።

አንድ እንቁላል ይዤ በዐይኔ ሽፋን ላይ አስቀመጥኩት። ይህን ዘዴ ያወቅሁት ስለ ግብፃውያን ጥንታዊ የጭቃ መፈልፈያ ምድጃዎች ሳነብ ነው፤ የዚያ ሙያ ሰዎች ያለ ቴርሞሜትር እንቁላሉን በዐይናቸው ሽፋን ላይ አድርገው ሙቀቱን ይለኩ ነበር። የያዝኩት እንቁላል በሣጥኑ ውስጥ ካለው አየር ይልቅ ሞቅ ያለ ነበር። ለእናቴም ሰጠኋት። እሷም በዐይኗ ሽፋን ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየችና፣ ጠርሙሶቹን ራሷ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው።

በኋላ ያነበብኩት ነገር ያን ሌሊት በዐይኔ ሽፋን የተሰማኝን አረጋገጠልኝ። በመጀመሪያው ሳምንት እንቁላል ውሃ ሲተንበት የሚያጣው ሙቀት ሽሉ ከሚያወጣው ስለሚበልጥ፣ እንቁላሉ ከከበበው አየር በጥቂቱ ይቀዘቅዛል። ወደ አጋማሹ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። በ18ኛው ቀን ገደማ አንድ የዶሮ እንቁላል ከአንድ ዋት አንድ አሥረኛ የሚበልጥ ሙቀት ያመነጫል። ለአንድ እንቁላል ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከሃያ በላይ የሚሆኑ እንቁላሎች በአንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ፣ በጋቢ ተሸፍነው ሲሆን ግን ሦስት ዲግሪ ማቆየት ይችላል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች የሚያስገቡ ትልልቅ መፈልፈያዎች በመጨረሻው ሳምንት የሚደክሙት እንቁላሎቹን ለማሞቅ ሳይሆን ለማቀዝቀዝ ነው። ሽል ለሰዓታት ቅዝቃዜን ይታገሣል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀትን ግን አይታገሥም። ያን የፈላ ውሃ ከእንቁላሎቹ አጠገብ ማስቀመጥ ለብርዱ መድኃኒት የሚመስል ትልቅ አደጋ ነበር።

ስለዚህ የቀረልን ነገር አየር መስጠትና መጠበቅ ነበር። ጋቢውን ከላይና ከሦስት ጎን ተውነው፤ አየር የሚገባበትን ጎን ክፍት አደረግነው። ሁለታችንም ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጥን። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወረደ፤ ከ30 ጥቂት ዝቅ ሲልም እዚያው አካባቢ ቆየ።

በዚያ የጥበቃ ሰዓት ደጋግሜ ያሰብኩት ስለ ታቃፊ ዶሮ ነው። እስከዚያች ሌሊት ድረስ የማስበው ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ሙቀት እንደምትሰጥ፣ እንቁላሉም ሃያ አንድ ቀን ሙሉ እንደሚቀበል ነበር። ማሽኑንም የገዛሁት በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ ሙቀት ሰጪ እኔ ነኝ፣ ሙቀት ተቀባይ እንቁላሉ። ነገሩ ግን ከአጋማሹ በኋላ ሌላ መልክ አለው። እንቁላሎቹ የራሳቸውን ሙቀት ያወጣሉ፤ የዶሮዋ ሥራም ያ ሙቀት በነፋስ እንዳይወሰድ መሸፈን፣ ሲበዛም ተነሥታ ማናፈስ ይሆናል። ለእናቴ ይህን ስነግራት አልተገረመችም። «መጨረሻ ላይ እኮ ዶሮዋ እንቁላሎቹን ታናግራቸዋለች፤ እነሱም ከውስጥ ይመልሱላታል» አለች። እርግጥ ነው፤ ጫጩት ሊወጣ አንድና ሁለት ቀን ሲቀረው ከቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ያሰማል፤ እናቲቱም ትመልስለታለች። ማሽኔ ይህን አይችልም። በቀሩት ቀናት እናቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብላ እንደ ዶሮ ስትጠራቸው እሰማ ነበር፤ በቁም ነገር ነበር የምታደርገው፤ እኔም እንድታቆም አልፈለግሁም።

ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ

የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው ከተጠበቀው ሰዓት ዘግይቶ፣ 21ኛው ቀን ሊያልቅ ሲል ነው። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ዕድገቱን እንዳዘገየው ግልጽ ነበር። ጫጩቱ በመጀመሪያ የሚሰብረው ቅርፊቱን ሳይሆን በውስጥ በኩል ያለውን የአየር ክፍተት ሽፋን ነው፤ በሳንባው መተንፈስ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በምንቃሩ ጫፍ ባለችው ጠንካራ ሹል ነገር ቅርፊቱን ይቀድዳል፤ ከቀደደ በኋላም እስከ አንድ ቀን ድረስ ዝም ብሎ ሊቆይ ይችላል። ይህ ዝምታ የሚያስጨንቅ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ጫጩቱ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ፣ በቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ላይ የተዘረጋውን ደም ወደ ሰውነቱ እየመለሰ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ክዳኑን የከፈተ ሰው እርጥበቱን ያስወጣል፤ ሽፋኑም ደርቆ ጫጩቱን እንደ ያዘው ይቀራል። ክዳኑ ሳይከፈት ዋለ፤ አደረም።

ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወጡ። የወጡትን እስኪደርቁ ድረስ እዚያው ተውናቸው፤ የሳቡት አስኳል ለሁለት ቀን ያህል ስለሚበቃቸው ምግብ አያስቸኩልም። ከዚያ ወደ 35 ዲግሪ የሚሞቅ ካርቶን ውስጥ ገቡ። ቢሾፍቱ የሚመረተውን የፈንግል ክትባትም በጊዜው በዐይናቸው ጠብታ ሰጠናቸው፤ በፈንግል አንድ መንደር ሙሉ ዶሮ ሲያልቅ ያየ ሰው ይህን ለነገ አይለውም።

ያልወጡትን ደግሞ 23ኛው ቀን ካለፈ በኋላ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ይህን ማድረግ ደስ አይልም፤ ግን ማሽን ለሚጠቀም ሰው ግዴታ ይመስለኛል። ሁለቱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የቆሙ ነበሩ። የቀሩት ግን ሙሉ ጫጩት ሆነው፣ ላባ አውጥተው፣ ምንቃራቸው ወደ አየር ክፍተቱ ዞሮ የቀሩ ናቸው፤ ክፍተቱም ከሚገባው በላይ ሰፊ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ያለቀው ውሃ ነው የመጣብን ብዬ አምናለሁ። የዚያ ሌሊት ቅዝቃዜ ቢሆን ኖሮ ከወጡት መካከል ደካማ የሆኑ ይበዙ ነበር፤ የወጡት ግን ሁሉም በእግራቸው የቆሙ ናቸው። እናቴ በዚህ አትስማማም፤ ብርዱ ነው ትላለች።

ይህን ክርክር ለመፍታት የሚቀጥለውን ዙር በክረምት ለማድረግ አስበናል፤ አየሩ ያን ጊዜ እርጥብ ስለሆነ እንቁላሎቹ ውሃ የሚያጡበት ፍጥነት እንደሚቀንስ እጠብቃለሁ። ዘመዳችን የምትታቀፍ ዶሮ ልትልክልን ቃል ገብታለች። ከአንድ ቅርጫት ከመጡ እንቁላሎች አሥር ያህሉን ከዶሮዋ ሥር፣ የቀሩትን በማሽኑ ውስጥ አድርጌ፣ ሁለቱንም በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ18ኛው ቀን እመዝናቸዋለሁ። የዶሮዋን እንቁላሎች የምትወስድልኝ እናቴ ናት፤ እኔን ትነክሰኛለች ብዬ ሳይሆን፣ ለመብላት የምትነሣበትን ሰዓት የምታውቀው እሷ ስለሆነች ነው።